የወላጆችን ክረምት የሚያስተጓጉለው የዓይን ሕመም

በደቡብ ጎንደር ዞን ደራ ወረዳ ለሚኖር አርሶ አደር ቤተሰብ የዓመቱ ቀለብ የሚወሰነው በክረምት ወራት ነው። በሐሙሲት ከተማ ዙሪያና ከዚያም አልፎ ወደ ጣና ሐይቅ በሚዘልቀው ሜዳ በሰኔና በሐምሌ የሚዘራው ሰብል በሐምሌና በነሐሴ ታርሞ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ተሰብስቦ ወደ ጎተራ ይገባል። በእነዚህ ወራት አባት ወይም እናት ለሁለት ሳምንት ከሥራ ቢስተጓጎሉ ጉዳቱ የሁለት ሳምንት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በወቅቱ ያልታረመ ማሳ ምርቱ ይቀንሳል፤ የምርቱ መቀነስ ደግሞ እስከ ተከታዩ ዓመት ድረስ በቤተሰቡ ማዕድ ላይ ይታያል።

አርሶ አደሩን በክረምት ከሥራ የሚያስተጓጉሉ ሕመሞች ብዙ ናቸው። ወባ ይታወቃል፤ ወገብና መገጣጠሚያን የሚይዙ ሕመሞችም እንዲሁ። ሰውን በአንድ ቀን አልጋ ላይ ባለመጣሉ ምክንያት ተገቢውን ትኩረት የማያገኝ፣ ነገር ግን ከንጋት እስከ ምሽት ፋታ የማይሰጥ ሌላ ሕመም አለ። ይኸውም በትራኮማ ወይም በተለምዶ የዓይን ማዝ በሚባለው በሽታ ምክንያት ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይንን ብሌን ሲቧጭር የሚፈጠረው ሕመም ነው። በሽታው በደራ ወረዳና በአካባቢው ረጅም ታሪክ ያለው ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚያጠቃውም ልጆችን የሚያሳድጉትን እናቶች ነው።

ሐሙሲትና የክረምት ሥራዋ

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ ራሱ የሐሙስን ዕለት የሚያስታውስ ነው። ከተማዋ በምትገኝበት በደራ ወረዳና በአጎራባቹ የፎገራ ወረዳ መካከል የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ ይፈሳል። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ሜዳውን የሚያጥለቀልቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአካባቢው የደረሰው ከፍተኛ ጎርፍ ለዚህ ማሳያ ነው።

ይሁንና ይኸው ውኃ የሚተኛበት መሬት ለሩዝ ልማት ምቹ ሆኖ ተገኝቷል። በአገሪቱ በስፋት የሚታወቀው ኤክስ ጅግና የተሰኘው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው በደራ ወረዳ ከምትገኘው ከጅግና ቀበሌ ነው። ሩዝ ዛሬ ለአካባቢው ቤተሰቦች ዋነኛ የገቢና የምግብ ምንጭ ከሆኑት ሰብሎች አንዱ ሲሆን፣ ከተሰበሰበ በኋላም በቀሪው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል።

ሩዝ ግን ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሰብል ነው። አረሙ በእጅ የሚነቀል በመሆኑ ሥራው አጎንብሶ፣ ዓይንን ከቡቃያው ሳይነቅሉ ሰብሉን ከአረሙ መለየትን ይጠይቃል። በዚህ ሥራ ላይ አባት፣ እናትና ለሥራ የደረሱ ልጆች በአንድነት ይሰለፋሉ። እናቶች ከማሳው በተጨማሪ በጭስ በታፈነ ማድ ቤት ምግብ ያዘጋጃሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ሕፃናትን ይንከባከባሉ። ብርሃን የሚወጋው፣ ጭስ የሚያስለቅሰውና አጥርቶ ማየት የተሳነው ዓይን ለዚህ ሁሉ ሥራ ምን ያህል እንቅፋት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሕመሙ እንዴት ይፈጠራል?

ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ የዓይን በሽታ ነው። ባክቴሪያው ከታመመ ሰው፣ በተለይም ከሕፃናት ዓይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ አማካይነት ይተላለፋል። መተላለፊያ መንገዶቹም በዋናነት ሦስት ናቸው። እነርሱም ያልታጠቡ እጆች፣ በጋራ የሚጠቀሙባቸው እንደ ነጠላና ፎጣ ያሉ ጨርቆች እና ከአንዱ ሕፃን ፊት ወደ ሌላው የሚያርፉ ዝንቦች ናቸው።

በሽታው በአንድ ጊዜ ዓይንን አያጠፋም። በልጅነት የሚከሰተው ኢንፌክሽን የላይኛውን የዓይን ቆብ የውስጥ ክፍል ያስቆጣል፤ ይድናል፤ እንደገናም ይይዛል። ይህ መመላለስ ለዓመታት ሲቀጥል በቆቡ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠባሳ ይፈጠራል። ጠባሳው ሲኮማተር የዓይን ቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስባል። በዚህን ጊዜ ወደ ውጭ ሊያመለክት የሚገባው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይንን ብሌን መቧጨር ይጀምራል። ይህ ደረጃ በሕክምናው ቋንቋ ትሪኪያሲስ ይባላል።

የሕመሙን ክብደት ለመረዳት አንድ ስሌት በቂ ነው። አንድ ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል ቢባል፣ ነቅቶ በሚቆይባቸው 15 ሰዓታት ውስጥ ከ13 ሺህ ጊዜ በላይ ያርገበግባል ማለት ነው። ሽፋሽፍቱ የታጠፈበት ሰው በእያንዳንዱ እርግብግቢት የዓይኑ ብሌን ይፋቃል። ሕመምተኞች ስሜቱን አሸዋ ወይም እሾህ ዓይን ውስጥ እንደገባ አድርገው ይገልጹታል። ዓይን ያለማቋረጥ ያነባል፤ የፀሐይ ብርሃን ይወጋል፤ ጭስና ነፋስ ያባብሱታል። የተፋቀው ብሌን ይቆስላል፣ ቁስሉ በሌላ ተሕዋስ ይመረዛል፣ ሲድንም ነጭ ጠባሳ ይተዋል። በብሌን ላይ በተፈጠረ ጠባሳ የጠፋ ብርሃን በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ሕክምናው ከዚህ በፊት መድረስ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታው ለምን በእናቶች ላይ ይበረታል?

የትራኮማ ባክቴሪያ ማደሪያ በዋናነት ሕፃናት ናቸው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት በብዛት ይያዛሉ፤ ኢንፌክሽኑም ከወንድም ወደ እኅት፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይዛመታል። ሕፃኑን የምታዝለው፣ የምታጠባው፣ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርገውና አብራው የምትተኛው እናት በመሆኗ ኢንፌክሽኑ በተደጋጋሚ ይደርስባታል። ይህ ከራሷ ልጅነት ጀምሮ ከነበረው ጋር ተደምሮ ጠባሳውን ያባብሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ሴቶች በትራኮማ ምክንያት ለዓይነ ስውርነት የመጋለጥ ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ከፍ ሊል ይችላል።

ይህ ማለት ግን አባቶች ከበሽታው ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። በሞፈርና በቀንበር የሚያርስ አባወራ ዓይኑ በብርሃን ሲወጋ ትልም አስተካክሎ ማውጣት ይሳነዋል። እናት ስትታመም ደግሞ የቤቱ ሥራ ወደ ሴት ልጅ ትከሻ ይተላለፋል፤ ዓይኗ የጠፋ እናት ካለችም መሪ የሚሆናት ልጅ ከትምህርት ገበታ ይቀራል። ስለሆነም ጉዳቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የቤተሰብ ነው።

ይህ በጥናትም የተረጋገጠ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው በአማራ ክልል ትሪኪያሲስ ያለባቸውን 1 ሺህ ሰዎችና ሕመሙ የሌለባቸውን 200 ሰዎች በማነጻጸር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት፣ ሕመሙ የማየት አቅም ገና ባልቀነሰበት ጊዜም ቢሆን የሰውን የኑሮ ጥራት በእጅጉ እንደሚጎዳ አሳይቷል። በሌላ አነጋገር የትሪኪያሲስ ጉዳት የሚጀምረው ዓይን ሲጠፋ አይደለም፤ ሕመሙ ራሱ ሰውን ከሥራና ከማኅበራዊ ኑሮ ያርቃል።

ደራ ወረዳ በትራኮማ መከላከል ታሪክ

ትራኮማ በዓለም ላይ አዲስ በሽታ አይደለም። በጥንታዊት ግብፅ ይታወቅ የነበረ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከግብፅ ዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች ወደ አውሮፓ ይዘውት ከገቡ በኋላ በዚያም ብዙዎችን አሳውሯል። አውሮፓ ከበሽታው የተላቀቀችው በአብዛኛው የመኖሪያ ቤት፣ የውኃና የንጽሕና ሁኔታ በመሻሻሉ ነው። ዛሬ በሽታው የሚገኘው ውኃና መፀዳጃ ቤት በበቂ ሁኔታ ባልተዳረሱባቸው አካባቢዎች ሲሆን፣ በዓለም 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ለዓይነ ስውርነት ወይም ለእይታ መቀነስ ዳርጓል። ከዓለም አገሮች ሁሉ ከፍተኛውን ሸክም የተሸከመችው ኢትዮጵያ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት የችግሩን ስፋት በግልጽ አሳይቷል። በጥናቱ መሠረት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በአገር አቀፍ ደረጃ 40 ነጥብ 1 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ይህ አኃዝ በአማራ ክልል 62 ነጥብ 6 በመቶ ነበር። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው መካከል ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ 3 ነጥብ 1 በመቶ፣ በአማራ ክልል 5 ነጥብ 2 በመቶ የሚሆኑት ትሪኪያሲስ ነበረባቸው።

ደራ ወረዳ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ስፍራ አለው። በክልሉ የተቀናጀው የትራኮማ መከላከል ሥራ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ቀድሞ ከተጀመረባቸው የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች መካከል ደራ፣ እብናት፣ እስቴ እና ስማዳ ይገኙበታል። እነዚህ ወረዳዎች ከምሥራቅ ጎጃሙ እነብሴ ሳር ምድር ጋር በአንድነት የሦስት ዓመት ሥራቸው ተገምግሞ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ለኅትመት በቅቷል። ግምገማው ንቁ ትራኮማ መቀነሱንና ፊታቸው ንጹሕ የሆነ ሕፃናት መበራከታቸውን አመልክቷል። በአንጻሩ የሦስት ዓመት ሥራ በሽታው ሥር በሰደደበት አካባቢ በቂ እንዳልሆነም ትምህርት ሰጥቷል።

አራቱ የመከላከያ መንገዶች

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የትራኮማ መከላከያ ስልት ሴፍ በሚል ምሕጻረ ቃል ይታወቃል። ስልቱ የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምናን፣ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ዕደላን፣ የፊት ንጽሕናን እና የአካባቢ መሻሻልን አጣምሮ የያዘ ነው። አራቱ መንገዶች እያንዳንዳቸው የተለየ ዓላማ አላቸው። ቀዶ ሕክምናው ዛሬ እየታመመች ያለችውን እናት የሚታደግ ሲሆን፣ ሦስቱ ግን ልጇ ነገ እንደ እርሷ እንዳይሆን የሚከላከሉ ናቸው።

በመድኃኒት ረገድ አዚትሮማይሲን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ ለመላው ኅብረተሰብ ይታደላል። ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። መድኃኒቱ አምራቹ ፋይዘር ኩባንያ በልገሳ የሚያቀርበው ነው። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2008 ጀምሮ ማልትራ በሚል ስያሜ የወባና የትራኮማ ሳምንት በማዘጋጀት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች ከቀበሌ ቀበሌ እየተዘዋወሩ መድኃኒቱን አድለዋል። መድኃኒቱ ለታመመ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም የሚሰጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአንድ ቤት አንድ ሕፃን ሳይወስድ ከቀረ፣ ከእርሱ የሚነሳው ኢንፌክሽን ወደ ቀሪዎቹ ተመልሶ ይዛመታል።

መፀዳጃ ቤትን በተመለከተ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ጉዳይ አለ። ትራኮማን በማዛመት የሚታወቀው የዝንብ ዓይነት የሚራባው በየሜዳው በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ እንጂ በጉድጓድ መፀዳጃ ውስጥ አይደለም። ስለሆነም በቀላል ወጪ የተቆፈረ መፀዳጃ ቤት የዝንቡን መራቢያ ያሳጣዋል። የኅብረተሰቡን ተነሳሽነት በተመለከተም የክልሉ ተሞክሮ የሚያኮራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በክልሉ 10 ሺህ መፀዳጃ ቤቶችን ለመገንባት ታቅዶ የነበረ ሲሆን፣ በዓመቱ የተቆፈረው ግን ከ89 ሺህ በላይ ነበር። ለዚህ ውጤት ዋነኛ ምክንያት ሆነው የተጠቀሱት፣ ቀን በሜዳ ለመጸዳዳት የሚቸገሩት ሴቶች ራሳቸው ግፊት ማድረጋቸው ነው።

ይህ ሲባል ግን በሽታው በአንድ እርምጃ ይወገዳል ማለት አይደለም። በክልሉ በዋግ ኽምራ አካባቢ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት፣ ውኃና ንጽሕናን ለሦስት ዓመታት በተቀናጀ መንገድ ማሻሻል ብቻውን በሕፃናት ዓይን ውስጥ ያለውን ኢንፌክሽን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ውኃ አያስፈልግም የሚል ሳይሆን፣ አራቱ መንገዶች ተነጣጥለው ሲሠሩ ውጤታቸው ውስን እንደሆነ ነው። ለዓመታት መድኃኒት በታደለባቸው አንዳንድ የክልሉ ወረዳዎች በሽታው ከሚፈለገው ደረጃ በላይ ሆኖ መቆየቱም ይህንኑ ያጠናክራል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የተከሰተው የኮሮና ወረርሽኝና ከዚያ ወዲህ በክልሉ የተፈጠሩት ግጭቶች የዕደላ ዘመቻዎችን አስተጓጉለዋል። የተቋረጠ ዕደላ ደግሞ ከቆመበት የሚቀጥል ሳይሆን በከፊል ወደ ኋላ የሚመለስ ሥራ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ምን ይመስላል?

የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ስሙ እንደሚያስፈራው ከባድ አይደለም። ሥራው በጤና ጣቢያ፣ ለዚሁ ተግባር በሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የሚከናወን ነው። ሕመምተኛዋ አትተኛም፤ የዓይን ቆቡ ብቻ በመርፌ ይደነዝዛል። ባለሙያው የቆቡን ጠባሳ ሰንጥቆ ጠርዙን ወደ ውጭ በመመለስ ይሰፋዋል። ለአንድ ዓይን የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ዓይኑ ለአንድ ቀን ይሸፈናል፤ ክሩ በአንድ ሳምንት ወይም በጥቂት ተጨማሪ ቀናት ውስጥ ይወጣል። በዘመቻ የሚሰጠው ሕክምና ያለ ክፍያ ነው።

የሕክምናው ጥራት ግን ወሳኝ ነው። ሽፋሽፍቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተመልሶ የሚታጠፍበት አጋጣሚ አለ። በአማራ ክልል በ1 ሺህ ሕመምተኞች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ንጽጽር፣ ከሁለቱ የተለመዱ የአሠራር ዓይነቶች በአንደኛው ሽፋሽፍቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ የታጠፈባቸው 13 በመቶ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ግን 22 በመቶ እንደነበሩ አመልክቷል። ቀደም ሲል በወላይታ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ አንድ መጠን አዚትሮማይሲን መስጠት ሕመሙ ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። እነዚህ በአገራችን የተገኙ ውጤቶች በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአሠራር መሻሻል አስተዋጽኦ አድርገዋል።

በገጠር የተለመደው መፍትሔ ሽፋሽፍትን በወረንጦ መንቀል ነው። የተነቀለው ፀጉር በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። ከመሐሉ ከተሰበረም ጉቶው ከረጅሙ ፀጉር ይልቅ ብሌኑን ይወጋል። የታጠፉት ጥቂት ፀጉሮች ሲሆኑና ሕመምተኛዋ ቀዶ ሕክምናን ለጊዜው ካልፈለገች፣ ጥራት ባለው ወረንጦና በሠለጠነ ሰው መንቀል በባለሙያ ክትትል ሊፈቀድ ይችላል። ፀጉሮቹ ሲበዙ ወይም ብሌኑ ሲነካ ግን መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

ቀጠሮው ለምን ይራዘማል?

ሕክምናው ቀላል፣ ቅርብና ያለ ክፍያ ከሆነ ሕመምተኞች ለምን አይመጡም? ይህን ጥያቄ በአማራ ክልል የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ከሕመምተኞች ያገኛቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ጊዜ ማጣት፣ የገንዘብ እጥረት እና አብሮ የሚሄድ ሰው ማጣት ናቸው። ሦስቱም ምክንያቶች በክረምት ይበረታሉ።

ለአብነት ያህል በሐሙሲት ዙሪያ የምትኖር የአራት ልጆች እናት እናስብ። በሰኔ ዓይኗ መቆርቆር ይጀምራል። ዘር ሳይዘራ እንዴት ልሂድ ትላለች። በሐምሌ ሕመሙ ይበረታል፤ አረሙ ግን ቀን አይሰጥም። በነሐሴ ጎርፍ መንገዱን ይዘጋል፤ የዓመቱ እህልም ከጎተራ ተሟጥጦ ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ከእጅ ይጠፋል። ባለቤቷም በማሳ ላይ በመሆኑ አብሯት ሊሄድ አይችልም። ዓይኗ በቀዶ ሕክምና ምክንያት ለአንድ ቀን ቢሸፈን ማን ያበስላል፣ ክሩን ለማስወጣትስ ማን መልሶ ይወስዳታል የሚለው ያስጨንቃታል። እህል ሲገባ እሄዳለሁ ብላ ለኅዳር ታስተላልፋለች። ከሰኔ እስከ ኅዳር ያሉት አምስት ወራት ግን የቆሰለ ብሌን ወደማይመለስ ጠባሳ ለመለወጥ በቂ ናቸው። እናቲቱ ሥራዋን ላለመተው የወሰደችው ምክንያታዊ የሚመስል ውሳኔ መልሶ ሥራዋን የሚያሳጣት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ሕመምተኛዋን በቸልተኝነት መውቀስ ተገቢ አለመሆኑን ነው። የአገልግሎት አሰጣጡ ከእርሻው የጊዜ ሰሌዳ ጋር ካልተጣጣመ፣ ነፃ የሚባለው ሕክምና ለአርሶ አደሩ ነፃ አይሆንም።

ከአስፈጻሚ አካላት ምን ይጠበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር ትራኮማን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን አስወግዳለች ለማለት ያስቀመጣቸው መለኪያዎች ግልጽ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ንቁ ትራኮማ የሚታይባቸው ከ5 በመቶ በታች መሆን አለባቸው። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው መካከል ደግሞ ለጤና ሥርዓቱ ያልታወቀ ትሪኪያሲስ ያለባቸው ከ0 ነጥብ 2 በመቶ በታች ሊሆኑ ይገባል። ይህን መለኪያ ሞሮኮ፣ ጋና፣ ጋምቢያና ማላዊ ቀደም ብለው አሟልተዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተያዘው የጊዜ ገደብም እ.ኤ.አ. 2030 ነው።

መለኪያው ለቀበሌ ሲመነዘር ምን ማለት እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 4 ሺህ ነዋሪዎች ያሉበት ቀበሌ ቢኖር፣ ለጤና ሥርዓቱ ያልታወቁት ሕመምተኞች ከስምንት ያነሱ መሆን አለባቸው ማለት ነው። «ያልታወቁ» የሚለው ቃል ትኩረት ይሻል። ተገኝተው የተመዘገቡ፣ ሕክምና የተሰጣቸው ወይም ሕክምና ቀርቦላቸው ያልተቀበሉ ሰዎች ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ስለሆነም ቤት ለቤት ፍለጋና ትክክለኛ መዝገብ ከሌለ ግቡ መመታቱን ማረጋገጥ አይቻልም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ሕክምና ሲጠባበቁ የነበሩ ወደ 700 ሺህ የሚጠጉ የትሪኪያሲስ ሕመምተኞችን ለመድረስ የተፋጠነ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። ዘመቻው ብዙዎችን አስችሏል፤ የቀሩትን ለማግኘት ግን የወረዳና የቀበሌ መዋቅር ጥረት ወሳኝ ነው። በዚህ ረገድ የሚከተሉት ተግባራት ትኩረት ሊሰጣቸው ይገባል።

በመጀመሪያ የሕመምተኞች ፍለጋና የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ከእርሻ የጊዜ ሰሌዳ ጋር ተጣጥሞ ሊታቀድ ይገባል። ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ሥራ የሚቀልበት፣ መንገድ የሚደርቅበትና ከምርት ሽያጭ ገንዘብ በእጅ የሚገኝበት በመሆኑ ለዘመቻ ይመረጣል። የጤና ጽሕፈት ቤቶች ከግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተቀምጠው የቀበሌውን የሥራ ወቅት መነሻ ቢያደርጉ፣ የሚመጣው ሕመምተኛ ቁጥር እንደሚጨምር ይታመናል።

በሁለተኛ ደረጃ በክረምት የሚታመሙትን የሚቀበል አገልግሎት መቋረጥ የለበትም። ዘመቻ በበጋ መሆኑ፣ በሐምሌ ዓይኗ የቆሰለ እናት እስከ ጥር ትጠብቅ ማለት አይደለም። የዓይን መቅላት፣ ብርሃን መፍራትና የማየት አቅም መቀነስ በአንድነት ከታዩ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆኑ ሕመምተኞች በባሕር ዳር ወደሚገኙት የሪፈራል ሆስፒታሎች የሚላኩበት መንገድ ግልጽ ሊሆን ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ የማኅበረሰቡን የመረዳጃ ልማድ መጠቀም ያስፈልጋል። የአካባቢው አርሶ አደር ደቦና ወንፈል የሚባሉ፣ ሥራ የበዛበትን ቤተሰብ በጋራ የማገዝ ባህል አለው። ለቀዶ ሕክምና የሄደች እናት ማሳ በደቦ ቢታረምላት፣ ጎረቤት ምግብ ቢያዘጋጅላትና ከሴቶች መካከል አንዷ ብትሸኛት፣ ጥናቱ ከጠቀሳቸው ሦስት መሰናክሎች ሁለቱ ያለ ምንም በጀት ይቃለላሉ። ይህን በማስተባበር ረገድ የቀበሌ አመራሮች፣ የእድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች የላቀ ሚና አላቸው።

በአራተኛ ደረጃ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረገው ክትትል ከቀዶ ሕክምናው እኩል ሊቆጠር ይገባል። የወረዳ ሪፖርቶች ስንት ዓይን ተሠራ ከሚለው ባሻገር፣ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ ደህና ሆኖ ተገኘ የሚለውን ማካተት አለባቸው። አንዲት እናት ሕመሙ ተመልሶባት ስታማርር የሰማ ጎረቤት ለመታከም ይፈራል፤ ድና በማሳዋ ላይ ስትሠራ ያያት ግን ሳይቀሰቀስ ይመጣል።

በመጨረሻም የሕፃናትን የፊት ንጽሕና የዕለት ተዕለት ልማድ ማድረግ ይገባል። ፊትን ለመታጠብ ብዙ ውኃ አያስፈልግም፤ በአንድ ጣሳ ውኃ የበርካታ ሕፃናትን ፊት ማጠብ ይቻላል። ጣሳው ከቤት እንዳይጠፋ፣ ውኃውም ከሩቅ እንዳይቀዳ ማድረግ ግን የውኃ፣ የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ሥራ ነው።

ለወላጆች የሚሰጥ ምክር

በዓይኑ ውስጥ እሾህ እንደገባ የሚሰማው፣ ያለማቋረጥ የሚያነባ ወይም ብርሃን የሚወጋው ወላጅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ኬላ ሄዶ እንዲመረመር ባለሙያዎች ይመክራሉ። ምርመራው በባትሪ ብርሃን ሽፋሽፍቱን መመልከት ብቻ በመሆኑ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ዓይን ውስጥ የእፅዋት ጭማቂም ሆነ ሌላ ነገር መጨመር የቆሰለን ብሌን ስለሚያባብስ መወገድ አለበት። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰውም ዓይኑን ከቆሻሻ ውኃና ከጭስ መጠበቅ፣ የተሰጠውን ቅባት መጠቀምና ክሩን ለማስወጣት በቀጠሮው ቀን መመለስ ይኖርበታል።

ትራኮማ አንድን ሰው ለማሳወር ዓመታትን የሚወስድ በሽታ ነው። ይህ አዝጋሚነቱ ቸል እንዲባል ቢያደርገውም፣ በሌላ በኩል ግን ቀድሞ ለመድረስ ሰፊ ጊዜ ይሰጣል። በሰኔ የታየች እናት በሐምሌ ብትታከም በነሐሴ ወደ አረሟ ትመለሳለች፤ ለኅዳር የተቀጠረች እናት ግን ያመረተችውን እህል በዓይኗ ላታየው ትችላለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የተመሠረተው በቀበሌና በወረዳ ደረጃ በሚሰጥ ወቅታዊ ውሳኔ ላይ ነው።